ኪራይ ሲወጣ ደመወዝ ለምን ቆመ?



በ2025 ጁን ወር በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ሁለት ወረቀት ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። አንዱ የቤት ኪራይ ውል፣ ሌላው ተሉሽ፣ ማለትም የደመወዝ ወረቀት ነው። «ልጄ፣ ኪራዩ ከ3,000 ሸቀል 3,090 ሆነብኝ፤ ደመወዜ ግን ያው ነው። አከራዩ አታለለኝ?» አሉኝ።

አከራዩ አላታለላቸውም። ውሉ ላይ «ጻሙድ ለማዳድ» ተብሎ ተጽፏል። ማዳድ የዕቃና የአገልግሎት ዋጋ መለኪያ ሲሆን በየወሩ አጋማሽ ላይ ይወጣል። ጻሙድ ማለት የታሰረ ማለት ነው። ማዳዱ ከመቶ 3 ከወጣ ኪራዩም ከመቶ 3 ይወጣል። የእሳቸው ደመወዝ ግን ከማዳድ ጋር አልታሰረም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1984 (ዓመቱን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው) መጀመሪያ 100 ሸቀል የነበረ ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ ከ500 በላይ ነበር። ደመወዝ ጨርሶ እንዳይቀልጥ «ቶሴፌት ዮኬር» የሚባል የኑሮ ውድነት ጭማሪ ይከፈል ነበር። ሂስታድሩትና የአሠሪዎች ማኅበራት በሚፈርሙት ስምምነት መሠረት ማዳዱ ሲወጣ ደመወዝም ከፍ ይላል፤ የጠፋውን ሁሉ ግን አይተካም ነበር። ከ1985ቱ የኢኮኖሚ ማረጋጊያ ወዲህ ንረቱ ረገበ፤ ይህ ጭማሪም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በኋላ በተግባር ቀረ።

አሁን ብዙዎቻችን የምንደገፈው በ1987 በወጣው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ነው። እሱ የሚከተለው ማዳድን ሳይሆን የአገሩን አማካይ ደመወዝ ነው፤ የዚያን 47.5 ከመቶ ይሆንና በአፕሪል ይታደሳል። ለሙሉ ሥራ በአፕሪል 2024 5,880.02 ሸቀል ነበር፤ በአፕሪል 2025 6,247.67 ሆነ።

እንግዲህ የእኚህን እናት የሜይ ተሉሽ አየሁት። ሙሉ ሥራ ይሠራሉ። «ሰኻር የሶድ»፣ ማለትም መነሻ ደመወዝ፣ 5,880። «ነሲዖት»፣ ማለትም የአውቶቡስ ገንዘብ፣ 390። ድምሩ 6,270 ስለሆነ ከዝቅተኛው ያለፈ ይመስላል። ነገር ግን የአውቶቡስ ገንዘብ ወጪ መመለሻ እንጂ ደመወዝ አይደለም፤ በሕጉም አይቆጠርም። በየወሩ ከ367 ሸቀል በላይ ይጎድላቸው ነበር። ኪራዩ የጨመረባቸው 90 ነው፤ እሳቸው የተቆጡት ግን በአከራዩ ላይ ነበር።

ለአሠሪው በጽሑፍ ጠየቅን። ከሁለት ወር በኋላ ከነውዝፉ ተከፈላቸው።

አፕሪል ካለፈ በኋላ የሚመጣውን ተሉሽ አትጣሉት፤ «ሰኻር የሶድ» ከሚለው መስመር ጎን ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። ዕብራይስጡ ካልተነበበላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን። የኪራይ ውልም ከመፈረማችሁ በፊት አሳዩን።