ጆሮውን ተዉት፣ ፖስተኛውን ተመልከቱ

ቫን ጎህ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የተቆረጠውን ጆሮ ነው። “ዕብዱ ሊቅ” የሚለው ወሬ ትኬት ይሸጣላ! እ.ኤ.አ. በ2025 በቦስተን፣ ቀጥሎም በአምስተርዳም የታየው ዐውደ ርእይ ግን በአንድ ፖስተኛ ቤተሰብ ላይ ማተኮሩ ትክክል ነበር።

ጆሴፍ ሩላን በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአርል ባቡር ጣቢያ የፖስታ ሠራተኛ ነበር። ለመሳል ሲቀመጥ ገንዘብ አልቀበልም አለ። አብሮ በልቶ አብሮ ጠጣ። ቫን ጎህም ከክፍያው ይልቅ ግብዣው እንደከበደው ለወንድሙ ጽፏል። ሚስቱ ኦጉስቲን፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆች፣ ጨቅላዋ ማርሴል ሳትቀር ተሳሉ፤ በ1888 እና በ1889 26 ሥዕል።

ሠዓሊው ሆስፒታል ሲገባ ጠያቂው ይኸው ፖስተኛ ነበር። ስለ ጤናው ለወንድሙ የሚጽፈውም እሱ። ብዙም ሳይቆይ ሩላን ወደ ማርሴይ ተዛወረ። አደጋው ከደረሰ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ደግሞ 30 ያህል የአርል ነዋሪዎች “ይህ ሰው ይታሰርልን” ብለው ለከንቲባው ፈርመው አቀረቡ።

ዛሬ አርል በዚያው ሰው ስም ጎብኚ ትቀበላለች። የሩላን ቤተሰብ ግን በስጦታ ያገኛቸውን ሥዕሎች ገና ያኔ ለፓሪሱ ነጋዴ ለቮላር ሸጧቸዋል።