ስለ መብራት ኃይል ሽያጭና ስለ ዋጋው አወሳሰን

በቀድሞ ዘመን መብራት የየቤቱ ጉዳይ ነበር። ዘይት ያለው ማሾውን፥ ሰም ያለው ጧፉን አብርቶ ያመሽ ነበር፤ የሌለውም በእሳቱ ዳር ይቀመጥ ነበር እንጂ የሩቅ ሹም ስሕተት ቤቱን አያጨልምበትም ነበር። የኤሌክትሪክ መብራት ግን እንደዚህ አይደለም። ከሩቅ ወንዝ ወይም ከሩቅ ማመንጫ ተነሥቶ በብዙ እጅ አልፎ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ በመካከል ካሉት እጆች አንዱ የታመመ እንደ ሆነ ሐኪሙ በሽተኛውን፥ ባለ ወፍጮው እህሉን፥ ተማሪውም መጽሐፉን እንደ ያዘ በጨለማ ይቀራል። ስለዚህ የመብራት ኃይል አስተዳደር የአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ሁሉ ኑሮ ነው።

ይህ ሥራ በመንግሥት እጅ ይቈይ ወይስ ለባለ ገንዘቦች ይሸጥ የሚለው ክርክር በብዙ አገር ከተነሣ ዘመናት አልፈዋል። መንግሥት ይያዘው የሚሉት፥ ነጋዴ ትርፉን እንጂ የድኻውን ቤት አያይም ይላሉ። ይሸጥ የሚሉትም፥ የመንግሥት ሥራ ባለቤት እንደሌላት ላም ነው፥ ሁሉ ያልበዋል እንጂ የሚያበላው የለም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የኃይሉን ዋጋ የሚቈርጠው፥ ሠራተኛውን የሚሾመውና ዕዳውን የሚሰበስበው ማን እንደ ሆነ በሕግ ሳይጸና ባለቤቱን ብቻ መለወጥ ጉልቻ መለወጥ መሆኑ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ እንደማያጣፍጥ ደግሞ የታወቀ ነው።

ለዚህ ነገር የናይጄሪያ ታሪክ ብርቱ ምስክር ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በሌጎስ ከተማ የኤሌክትሪክ መብራት የበራው በ1896 ነበር። በ1972 የመብራት ኮርፖሬሽኑና የኒጄር ግድቦች ባለሥልጣን ተዋሕደው ኔፓ የሚባል አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆኑ። ይህ መሥሪያ ቤት ዋጋው ከወጪው በታች ሆኖ፥ ማሽኖቹ በጊዜው ሳይታደሱ፥ ዕዳውም ሳይሰበሰብ ብዙ ዘመን ስለ ኖረ፥ ሕዝቡ የስሙን ፊደላት እየተረጐመ «መብራትን ዘወትር አትጠብቅ» ማለት ነው እያለ ይቀልድ ነበር። በ2005 በወጣው ሕግ ስሙ ፒ.ኤች.ሲ.ኤን. ተብሎ በተለወጠ ጊዜም ቀልደኛው ሕዝብ ይህንኑ «ችግሩ ስሙን ለወጠ» ብሎ ተረጐመው።

ከዚህ በኋላ ሥራው ተከፋፍሎ ተሸጠ። ኅዳር መባቻ 2013 በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ማለት በጥቅምት 22 ቀን 2006 ዓ.ም.፥ የማመንጫና የማከፋፈያ ኩባንያዎች ለገዢዎች ተሰጡ። ከ11ዱ አከፋፋዮች ከመቶ 60 እጅ ድርሻ ለባለ ገንዘቦች ሲሆን፥ ከመቶ 40 እጅ ለመንግሥት ቀረ፤ ታላላቆቹ የማስተላለፊያ መስመሮችም ከመንግሥት እጅ አልወጡም። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ጨለማው አበቃ ብሎ አምኖ ነበር።

ነገር ግን ሥራው ተሸጠ እንጂ ዋጋውን የመቍረጥ ሥልጣን በእውነት ከፖለቲካ ሰዎች እጅ አልወጣም። በ2005 ሕግ የቆመው ተቈጣጣሪ ኮሚሲዮን ዋጋውን በሒሳብ እንዲቈርጥ የታዘዘ ነበር። ሆኖም የ2015 ምርጫ በደረሰ ጊዜ፥ ወጪው እየጨመረ ሳለ ዋጋው እንዲቀንስ ተደረገ። የኮሚሲዮኑም አባሎች የሥራ ዘመናቸው በዚያው ዓመት መጨረሻ በተፈጸመ ጊዜ፥ ቦታቸው ከአንድ ዓመት በላይ በሚገባ ሳይሞላ ቈየ። ዳኛ የሌለው ሙግት እንደማይቈረጥ ሁሉ፥ ተቈጣጣሪ የሌለው ዋጋም አይቀናም። ከዚህም ጋራ የናይራ ዋጋ ወደቀ፤ ለማመንጫዎቹ የሚገዛው ጋዝ ግን ዋጋው በዶላር የተቈረጠ ነበር። አከፋፋዩ ከሕዝብ ያልተቀበለውን ለአመንጪው መክፈል አልቻለም፤ አመንጪውም በበኩሉ ለጋዝ ሻጩ መክፈል አቃተው። ከሚከፍሉት ሁሉ ፊት መገኘት የሚገባቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የጦር ሠፈሮችም ብዙ ዕዳ አከማቹ። ስለዚህ የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ በ2014 ባወጣው ዕቅድ 213 ቢሊዮን ናይራ፥ መንግሥትም በ2017 ለአመንጪዎች ክፍያ ዋስትና 701 ቢሊዮን ናይራ ለማቅረብ ተገደዱ። ተሸጠ የተባለው ሥራ በሌላ በር ዞሮ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ተመለሰ ማለት ነው።

የገዢዎቹም ጥፋት የሚሸፈን አይደለም። ብዙዎቹ በባንክ ብድር ገዝተው ለመስመርና ለቆጣሪ የሚሆን በቂ ገንዘብ አላወጡም። ከደንበኞቹ ከግማሽ የሚበልጡት ቆጣሪ ሳይኖራቸው ሒሳባቸው በግምት ይጻፍባቸው ስለ ነበረ፥ በጨለማ ያመሸው ሰው የመብራት ዋጋ ክፈል ይባል ነበር። በ2022 ከአከፋፋዮቹ አንዳንዶቹ ባበደሯቸው ባንኮች እጅ ገቡ። በ2024 የአገሩ ዋና መስመር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ10 ጊዜ በላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በቀን 20 ሰዓት ኃይል ያገኛሉ ለተባሉት ደንበኞች የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከ70 ናይራ ከማይሞላው ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ወደ 225 ናይራ ከፍ አለ። ለምርጫ ሲባል የተገደበ ዋጋ እንደ ተከማቸ ጎርፍ ነው፤ በጊዜው በቦይ ያልተለቀቀ እንደ ሆነ በአንድ ቀን ግድቡን ጥሶ ድኻውን ይጠርገዋል።

እንግዲህ ይህን ያየ ሰው መሸጥ ጥፋት ነው፥ በመንግሥት እጅ ይቈይ ይል ይሆናል። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካ ኤስኮም ከ1923 ጀምሮ የሕዝብ ሥራ ሆኖ ሳለ ከዚህ መከራ አልዳነም። በ1998 የወጣው የመንግሥቱ የራሱ ጽሑፍ፥ አዲስ ማመንጫ ካልተሠራ ከ10 ዓመት በፊት ኃይሉ እንደሚያንስ አስጠንቅቆ ነበር። መንግሥት ግን ኤስኮምን እንዳይሠራ ከልክሎ ባለ ገንዘቦችን ሲጠብቅ ጊዜው አለፈ፤ ፕሬዚዳንቱ ታቦ ምቤኪም በ2007 መጨረሻ ስሕተቱ የመንግሥት መሆኑን በግልጥ ተናገሩ። በኋላም ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሲዮን፥ ለሥልጣን የቀረቡ ሰዎች በአለቆች ሹመትና በድንጋይ ከሰል ውል ጥቅም እንዳገኙበት በ2022 አስታወቀ። በ2023 መብራት በተራ የጠፋበት ቀን ከ300 በላይ ነበር። አንዱ አገር ሸጠ፥ አንዱ አገር አልሸጠም፤ ሁለቱም ግን ጨለመባቸው፤ ምክንያቱ አንድ ነውና።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የቆመው የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ስሙን ከለወጠ በኋላ፥ ናይጄሪያ ሽያጩን በፈጸመችበት በዚያው በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ አንዱ የሚያመነጭና የሚያስተላልፍ፥ ሁለተኛው ለሕዝብ የሚያከፋፍል ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ድርሻቸው ለባለ ገንዘቦች እንዲቀርብ ከተወሰነላቸው የመንግሥት ሥራዎች መካከል የኃይል ማመንጫዎች ነበሩ። የኃይሉም ዋጋ ከ10 ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቈይቶ በ2011 ዓ.ም. መጨመር ጀመረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ ገበሬው፥ ወታደሩ፥ የመንግሥት ሠራተኛው፥ በውጭ አገር ያለውም ወገን ከእጁ ቈጥቦ ቦንድ የገዛበት ነው። ሕዝብ እንዲህ የደከመበትን ኃይል ለማን ይሰጥ ብሎ ከመከራከር በፊት፥ በምን ሕግ ይተዳደር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሕጉም አስቸጋሪ አይደለም። ዋጋ የሚቈርጡት ዳኞች የሥራ ዘመናቸው የታወቀ፥ ከምርጫ በፊትም ከምርጫ በኋላም የማይነኩ ይሁኑ። ለድኻው የሚደረገው እርዳታ በተሰወረ ኪሳራ ሳይሆን በመንግሥት በጀት ላይ በግልጥ ይጻፍ። መንግሥት የራሱን የመብራት ዕዳ ከሁሉ በፊት ይክፈል። በየቤቱ ቆጣሪ ይግባ፤ መሐንዲሱም በዕውቀቱ እንጂ በዘመድና በወገን አይሾም። ሒሳቡም በየዓመቱ ተመርምሮ ለሕዝብ ይነገር። ይህ የተፈጸመ እንደ ሆነ መንግሥት ቢይዘውም ይበራል፥ ነጋዴ ቢገዛውም ይበራል፤ ይህ ያልተፈጸመ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱ ቢለዋወጥ ጨለማው አይለወጥም። አስተዋይ መንግሥትም የሌላውን ጉዳት አይቶ ይማራል እንጂ በራሱ ሕዝብ ላይ እስኪደርስ አይጠብቅም።