ኩንታሉ ተቆጠረ፤ ሊጡስ?

አገሪቱ ስለ ስንዴ ስታወራ የምትቆጥረው ኩንታል ነው። ስንት ሄክታር ታረሰ? ስንት ኩንታል ተሰበሰበ? ስንቱ ወደ ውጭ ተላከ? እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ መንግሥት ስንዴ ኤክስፖርት ማድረግ መጀመሩን ሲያበስር ክርክሩ ሁሉ በቁጥሩ ላይ ነበር። ደጋፊው ቁጥሩን ጠቀሰ፣ ተቺው ቁጥሩን ተጠራጠረ። ያ ስንዴ ምን ዓይነት ዳቦ ይወጣዋል ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ዳቦ ኩፍ የሚለው በሊጡ ውስጥ ባለው ግሉተን በሚባል ፕሮቲን ነው። እርሾው የሚፈጥረውን አየር ግሉተኑ እንደ ፊኛ ይዞ ያቆየዋል። ግሉተኑ ደካማ ከሆነ አየሩ ያመልጥና ዳቦው ድፍን ብሎ ይቀራል። ጠንካራ ዱቄት ደግሞ ውሃ ያነሳል፤ ከአንድ ኩንታል የሚወጣው ዳቦም ይበዛል። ስለዚህ ሁለት ኩንታል ስንዴ ሚዛን ላይ እኩል ሆነው ዳቦ ቤት ሲደርሱ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። የልዩነቱን ሂሳብ በመጨረሻ የሚከፍለው ዳቦ ገዢው ነው።

ይህን ልዩነት ዓይን አያየውም። በአብዛኛው ገበያ ነጋዴው ስንዴን የሚገዛው ቀለሙን አይቶ፣ በእጁ ዘግኖ፣ መዝኖ ነው። የግሉተኑ ጥንካሬ ግን በዘሩ ውስጥ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በእንግሊዝ ካምብሪጅ ፒተር ፔይንና ባልደረቦቹ ጽሑፉን ማንበብ የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። ስንዴ 1ዲ በሚባለው ክሮሞዞሙ ላይ የግሉተን ፕሮቲኖችን የሚያዝዙ ጂኖች አሉት። «5+10» የሚል ስያሜ ያለውን ጥንድ ፕሮቲን የያዘ ዝርያ በአብዛኛው ጠንካራ ሊጥ ይሰጣል፤ «2+12» የያዘው ደግሞ ደከም ያለ። ዛሬ ይህን ለማወቅ ማሳው እስኪደርስ፣ እህሉ ተፈጭቶ ዳቦ እስኪጋገር መጠበቅ አያስፈልግም። አንዲት የስንዴ ፍሬ ለሁለት ተቆርጣ ግማሿ ትመረመራለች፤ ፅንሱ ያለባት ግማሽ ደግሞ ትዘራለች።

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ መነሳቱ አይቀርም። «ዘረመል» የሚለው ቃል ሲሰማ ብዙ ሰው ልውጠ ሕያው የሚባለውን ያስባል። የዘረመል ምርመራ ግን በዘሩ ላይ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም። ያለውን ማንበብ ብቻ ነው።

የስንዴ ተመራማሪዎች ትኩረት ለረጅም ጊዜ ምርትና በሽታ ላይ መሆኑ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ «ኩብሳ» የተባለውን ዝርያ አጠቃው። በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ «ዲገሉ»ን መታው። ማሳው በዋግ ያለቀበት አርሶ አደር ስለ ግሉተን ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል? ነገር ግን ዋግን ለመቋቋም የሚደረገው ሩጫ ራሱ የዳቦውን ጥራት ሊያስከፍል ይችላል። በዓለም ዙሪያ ብዙ የስንዴ ዝርያዎች ከስንዴ ዘመድ ከሆነው ከራይ የመጣ የክሮሞዞም ቁራጭ ገብቶባቸዋል። ቁራጩ ዋግን ተከላከለ፣ ምርትንም አገዘ። የብዙዎቹን ሊጥ ግን የሚያጣብቅና ደካማ አደረገው። ያልመረመረ አገር እንዲህ ያለውን ውለታና ዕዳ የሚያውቀው ዝርያው በመቶ ሺዎች ሄክታር ላይ ከተዘራ በኋላ ነው።

«መጀመሪያ ሆድ ይሙላ፣ ጥራቱ ኋላ ይደርሳል» የሚሉ አሉ። ክርክሩ የዋዛ አይደለም፤ ምርት ሲጨምር የፕሮቲን መጠን በመቶኛ የመቀነስ ዝንባሌ አለውና። ለዚህም ነው ምርመራው ዝርያው ከመለቀቁ በፊት መደረግ ያለበት። ከተለቀቀ በኋላ የሚገኝ እውቀት ለጸጸት እንጂ ለምርጫ አይሆንም።

በሌላ በኩል ዘረመሉ ብቻውን ዳቦ አይጋግርም። ምርጥ ጂን ያለው ስንዴ ናይትሮጅን በጎደለው አፈር ላይ ፕሮቲኑ ያንሳል። አጨዳ ላይ ዝናብ ካገኘው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅልና ዱቄቱ ይበላሻል። ፍሬ በሚሞላበት ወቅት ብርቱ ሙቀት ቢመታውም የሊጡ ጠባይ ይለወጣል። በአርሲ ደጋ የተፈተነ ዝርያ በአዋሽ ቆላ በመስኖ ሲዘራ ያንኑ ዳቦ ይሰጣል ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ሁለቱም ቦታ መፈተን አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የዋጋው ነው። በእንግሊዝ ዱቄት ፋብሪካዎች የስንዴ ዝርያዎችን በቡድን ይመድባሉ። ለዳቦ የተመረጠውን አንደኛውን ቡድን ዘርቶ 13 በመቶ ፕሮቲን ያስመዘገበ ገበሬ ከመደበኛው ዋጋ በላይ ይከፈለዋል። ምርመራው እዚያ ኃይል ያገኘው ውጤቱ ገንዘብ ስለሚያወጣ ነው። ጠንካራውም ደካማውም ስንዴ በአንድ ዋጋ በአንድ ጆንያ በሚቀላቀልበት ገበያ ግን የቁሉምሳ ተመራማሪ የፈለገውን ያህል ቢደክም ውጤቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከመንግሥት የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አዲስ የዳቦ ስንዴ ዝርያ ሲለቀቅ የግሉተን ጂኖቹና የጋገራ ፈተናው ውጤት ከምርቱና ከዋግ መከላከያው ጎን ለሕዝብ ይገለጽ። ዩኒየኖችና ዱቄት ፋብሪካዎች ስንዴን በዝርያ ለይተው ይረከቡ፣ ፕሮቲኑንም በመሣሪያ ይለኩ። ለተሻለው ስንዴ የተሻለ ዋጋ ይከፈል።

ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ ወረቀት ናቸው። ገበሬ የሚዘራው የሚከፈልበትን ነው፤ በኩንታል ብቻ የሚከፈለው ኩንታል ያመርታል።