ኦርጋኑ ከመገዛቱ በፊት

የሙዚቃ ክበባችን ያገለገለ የሐሞንድ ኦርጋን ከማኅበሩ ገንዘብ እንዲገዛለት መጠየቁ ከተሰማ ወዲህ ተማሪው በሁለት ወገን ተከፍሏል። አንደኛው ወገን «ዕድሉ ሳያመልጠን እንግዛ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «የአባሎች መዋጮ በአሮጌ ዕቃ ላይ አይባክን፤ በብብት የሚያዝ አዲስ ኪቦርድ ይበቃናል» ባይ ነው። ሁለቱም ለማኅበሩ አሳቢዎች መሆናቸውን አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ክርክሩ ሁሉ ስለ ዋጋው ብቻ ስለ ሆነና ስለ ዕቃው ጠባይ የሚናገር ስለ ጠፋ፥ በበኩላችን የሚሰማንን ለመግለጽ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ስሙ ይለይ። በአገራችን ልማድ ቁልፍ ተደርድሮበት በኤሌክትሪክ የሚጮኸው ሁሉ «ኦርጋን» ይባላል። ሐሞንድ ግን ለብቻው የሚታይ ነው። ላውረንስ ሐሞንድ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 ለገበያ ያቀረበው ይህ መሣሪያ ድምፁን የሚያገኘው ከሚሽከረከር ብረት ነው። በታወቁት ትልልቅ ዐይነቶች ሆድ ውስጥ 91 ጥርሳም የብረት ጎማዎች በአንድ ሞተር ይዞራሉ። እያንዳንዱ ጥርስ በማግኔት ፊት ባለፈ ቍጥር በማግኔቱ ዙሪያ በተጠመጠመው ሽቦ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይቀሰቅሳል። የጥርሱ ብዛትና የጎማው ፍጥነት የድምፁን ቅጥነት ይወስናሉ፤ ተጫዋቹም ዘንጎቹን በመሳብ ድምፆቹን እንደ ወጥ ያዋሕዳቸዋል። ባለ ጎማው ሐሞንድ በ1975 መሠራቱ ቀርቷል። ዛሬ በዚሁ ስም የሚሸጡት አዳዲሶቹ የጎማውን ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚያስመስሉ ናቸው። ስለዚህ ባለ ጎማ የሆነውን የሚፈልግ ሁሉ የሚገዛው አሮጌ ነው።

ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ግን የዕድሜው አይደለም፤ የመብራቱ ነው። ሐሞንድ ኦርጋን ከመሥራቱ በፊት የኤሌክትሪክ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ የኦርጋኑም ሞተር እንደ ሰዓቱ ሞተር የመብራቱን ምት እየተከተለ የሚዞር ነው። የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 50 ጊዜ። ለአሜሪካ የተሠራው ኦርጋን በእኛ መብራት ላይ ሲሰካ ጎማዎቹ ከስድስት እጅ በአምስቱ ፍጥነት ብቻ ይዞራሉ፤ ድምፁም ሁሉ አንድ ቶን ተኩል ያህል ይወርዳል። 440 መሆን የሚገባው «ላ» 367 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ክራር ገመዱን አላልቶ ሊከተለው ይችላል፤ ሳክስፎኑና ዋሽንቱ ግን ወዴት ይገባሉ?

ብዙ ሰው «ትራንስፎርመር ይገዛለታል» ብሎ ሲመልስ ሰምተናል። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርደዋል እንጂ ምቱን ከ50 ወደ 60 አያደርሰውም። ምቱን የሚለውጥ መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ ሌላ ወጪ ነው። ይህን ወጪ ሳይቈጥሩ «በርካሽ ተገኘ» ማለት በማኅበሩ ሒሳብ ላይ መቀለድ ነው። ኦርጋኑ ለስንት ቮልትና ለስንት ምት እንደ ተሠራ በገላው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል። ሰሌዳውን ማንበብ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ነገር የሻጭ ቃል ነው። በዚህ ዕቃ ታሪክ ሠሪው ራሱ አጋኗል ተብሎ ተከሷል። ኩባንያው ኦርጋኑ የባለ ቧንቧውን የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ድምፅ ሁሉ ያወጣል እያለ ሲያስተዋውቅ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተቃወመው። በክርክሩም ጊዜ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጸሎት ቤት ሁለቱ ኦርጋኖች እየተፈራረቁ ተመቱ፤ አድማጮችም የየትኛው ድምፅ እንደ ሆነ እንዲለዩ ተደረገ። ውጤቱን ሁለቱም ተከራካሪዎች ለየራሳቸው እንዲመች አድርገው ተረጐሙት። በመጨረሻ በ1938 ኮሚሽኑ ኩባንያው አባባሉን እንዲተው አዘዘ። ሆኖም ሐሞንድ የተወደደው ቧንቧውን በመምሰሉ ሳይሆን በራሱ ድምፅ ነው። ጂሚ ስሚዝ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጃዝ ያሰማው ድምፅ ከቧንቧ ጋር ተወዳድሮ አያውቅም። እንግዲህ ማስታወቂያውን ትተን በጆሮአችን መፍረድ ይገባናል።

ጆሮም ብቻ አይበቃም፤ ዐይን ይያ፥ እጅ ይንካ። ሻጩ አስቀድሞ ሳያሞቀው እንዲጠብቀን ይጠየቅ። ዕውቁ ቢ ሦስትና መሰሎቹ ሁለት ማብሪያ አላቸው፤ አንደኛው ሞተሩን ያስነሣል፥ ሁለተኛው ያስኬዳል። ለዓመታት ዘይት ሳይጠጣ የቆመ ሞተር በዚህ ጊዜ ጉዱን ይገልጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ቁልፍ ከእያንዳንዱ ዘንግ ጋር አንድ በአንድ ይሞከር፤ የጠፋ ድምፅ የተበጠሰ ሽቦ ምልክት ሊሆን ይችላልና። ጀርባው ተከፍቶም ይታይ። በ1960ዎቹ በተሠሩት በአንዳንዶቹ ውስጥ የነበረው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት ሟሙቶ ቀጫጭን ሽቦዎችን ይበላል። የሚሽከረከረው የሌስሊ ድምፅ ማጉያ በዋጋው ውስጥ መግባቱና አለመግባቱም በጽሑፍ ይረጋገጥ። ክብደቱንም አንርሳ፤ ቢ ሦስት ከነፔዳሉና ከነመቀመጫው ወደ ሁለት ኩንታል ይጠጋል። የጎማዎቹ ክፍል በብሎን ሳይታሰር በደረጃ የወጣ እንደ ሆነ የሚደርሰውን ጕዳት የሚከፍል ማነው?

«እንዲህ ከሆነማ አዲሱ ኪቦርድ ይሻላል» የሚል ይኖራል። ለበዓል ዘፈን ማጀቢያ ብቻ ከሆነ፥ አዎን፥ ይሻላል፤ ይህን የሚሉትን ወንድሞችና እኅቶች አንነቅፍም። ነገር ግን እኛ በትምህርት ቤት እንጂ በምሽት ክበብ አይደለንም። ኪቦርዱ ቢከፈት ለዐይን የሚታየው ዝም ያለ ሰሌዳ ነው። የሐሞንድ ሆድ ቢከፈት ግን በፊዚክስ መጽሐፍ ያነበብነው ማግኔትና ሽቦ፥ ጥርስና ሞገድ፥ ሁሉም በዐይናችን ፊት ይዞራል። የሙዚቃው ተማሪና የምሕንድስናው ተማሪ በአንድ ዕቃ ዙሪያ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በግቢያችን ብዙ የለም። ኦርጋኑ እንዲገዛ የምንደግፈው ስለዚህ ነው። የምንደግፈውም ተንከባካቢ የተገኘለት እንደ ሆነ ብቻ ነው። በየዓመቱ ዘይት የሚያጠጣው፥ ቫልቩን የሚለውጥለት፥ ሲመረቅም ለተተኪው የሚያስረክበው ሰው ከሌለ፥ በሁለት ዓመት ውስጥ የአዳራሹ አቧራ መከማቻ ይሆናል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ስለዚህ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ድምፅ ከማሰጠቱ በፊት ሦስት ሰዎችን ይላክ፤ አንድ ኦርጋን መምታት የሚያውቅ፥ አንድ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ፥ አንድ ሒሳብ ያዥ። ሰሌዳው 60 የሚል ከሆነ የምት መለወጫው ዋጋ ይደመር፤ ድምሩ ከዐቅም በላይ ከሆነ ኦርጋኑ ይቅር። ያዩትን ሁሉ ጽፈው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት። መምህራኖቻችንም፥ በተለይ የፊዚክስና የምሕንድስና ክፍሎች፥ በምርመራው ላይ እንዲያግዙን በአክብሮት እንለምናለን። መዋጮውን የከፈለው ተማሪ የሚገዛለትን ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የማወቅ መብት አለው።