«ልጄ ነው፣ ምን አገባህ?»

በካኩማ ካምፕ ቁስል በምናጥብበት ክፍል ይህን ጥያቄ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአረብኛም ተጠይቄያለሁ። ባለፈው ዓመት የጠየቀኝ የሀገሬ ሰው ነው (እንድጽፈው ፈቅዶልኛል)። የሰባት ዓመት ልጁ እጅ በፈላ ውኃ ተቃጥሎ በአምስተኛው ቀን አመጣው። ቁስሉ አመርቅዞ የጥርስ ሳሙና ተለጥፎበታል። «ሻይ ተደፋበት» አለኝ። ልጁ መሬት መሬት ያያል።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ራሽን ተሰልፎ የሚቀበል አባት የቀረኝ ሥልጣን በልጄ ላይ ያለው ብቻ ነው ቢል አይገርመኝም። ልጆቻችንም «ለቢሮ እናገራለሁ» ማለት ለምደዋል።

ብዙዎች «መንግሥት በሌለበት ልጅን የሚጠብቀው ዘመድና ሽማግሌ ነው» ይላሉ። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ይህን ኖረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ማዕከላዊ መንግሥታቸው ሲፈርስ በብዙ ቦታ ሰውን ያዳኘው «ሔር» የሚባለው የሽማግሌዎች ሕግ ነው። አንዱ የሌላውን ጎሳ ሰው ቢጎዳ ካሣው በግመል ይቆጠራል፤ የሚከፍለውም ጥፋተኛው ብቻ ሳይሆን ወገኑ ጭምር ነው። ስለዚህ ዘመድ ዘመዱን ይቆጣጠራል። ይህን አከብራለሁ። ግን የጎዳው አባትየው ራሱ ሲሆንስ? ከፋዩም ተቀባዩም አንድ ወገን ነው። የእናት ወንድም ይናገር ይሆናል፤ በስደት ግን አጎት ወይ ሌላ ሀገር ነው፣ ወይ ሞቷል።

ስለዚህ ልጁ ከቤት ውጭ የሚያንኳኳው በር ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. የ1989 የሕፃናት መብት ስምምነት በአንቀጽ 5 የወላጅን አመራር ያከብራል፤ በአንቀጽ 19 ደግሞ ልጅን ከጥቃት ይጠብቃል። ሁለቱ አይጣሉም። የሚያጣላቸው ፎርም ይዞ መጥቶ እናትንም ሽማግሌንም ሳያነጋግር የሚሄድ ሠራተኛ ነው። ያን ያየ ቤተሰብ የሚቀጥለውን ቁስል ይደብቃል።

እኔ ለሕፃናት ጥበቃ ክፍል አሳወቅሁ። ሽማግሌዎችም አብረው እንዲቀመጡ ጠየቅሁ። አባትየው ሁለት ወር ሰላም አላለኝም። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

እናቶችና አባቶች፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ የተቃጠለ ልጅ በዚያው ቀን ይምጣ። መጀመሪያ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት (ውኃ እንደሚቸግር አውቃለሁ፤ በጆግ ቀስ እያላችሁ)። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ።

የልጁ ሁለት ጣቶች እስካሁን በደንብ አይዘረጉም። አባቱ በየማክሰኞው ያመጣዋል፤ እኔ ጣቶቹን ሳሠራለት እሱ ሌላ እጁን ይይዝለታል።