የመብራት ሽቦ መልእክተኛ ሲሆን ማኅተም ያስፈልገዋል

ደብዳቤውን ሳያትም በመንገደኛ እጅ የሚልክ ሰው፥ ምሥጢሩ ቢገለጥበት የሚከሰው የለውም። ይህን ማንሣታችን ስለ ምን ነው ቢሉ፥ በዘመናችን የመብራቱን ሽቦ መልእክተኛ የሚያደርግ ቤተ ሰብ ስላለና ማኅተሙን ግን ብዙ ሰው ስለሚረሳ ነው።

ኢንተርኔት ወደ ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በሳሎን በሚቀመጠው ራውተር ነው። ከዚያ ወደ ጓዳና ወደ መኝታ ቤት የሚሄደው ዋይፋይ ግን ወፍራም የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ግድግዳ ሲያጋጥመው ኃይሉ ይደክማል። በዚህ ጊዜ ግድግዳ ሳይበሱ፥ አዲስ ገመድም ሳይዘረጉ፥ አስቀድሞ በቤቱ ያለውን የመብራት ሽቦ መጠቀም ይቻላል። የመብራቱ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ብቻ ይመላለሳል፤ መልእክቱ ግን በዚያው ሽቦ ላይ በሴኮንድ ከሁለት ሚሊዮን ጊዜ በላይ በሚመላለስ ሞገድ ተጭኖ ስለሚሄድ አንዱ ከሌላው አይደባለቅም። ሆምፕለግ የተባለው ሥርዓት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ልኩ በሴኮንድ 14 ሜጋቢት ነበረ፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ሆምፕለግ ኤቪ 200 ሜጋቢት ደረሰ። ዳሩ ግን ይህ በወረቀት ላይ ያለ ልክ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚገኘው ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት አዳፕተሮች ይገዛሉ። አንደኛው ከራውተሩ አጠገብ ባለው ሶኬት ተሰክቶ በአጭር የኔትዎርክ ገመድ ከራውተሩ ጋራ ይገናኛል። ሁለተኛው በሚፈለገው ክፍል ተሰክቶ ከኮምፒውተሩ ጋራ እንዲሁ ይገናኛል። ሁለቱም በግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ይሰኩ እንጂ በዲቫይደር ላይ አይሁኑ፤ ይልቁንም ዕቃን ከመብራት መዋዠቅ የሚጠብቀው ዲቫይደር መልእክቱን እንደ ጉድፍ ቈጥሮ ያስቀረዋል። የስልክ ቻርጀርና ሞተር ያለበት ዕቃ ሁሉ በአጠገቡ ሲሰካ ሁከት ያመጣበታል። ሦስት ፌዝ በገባበት ቤትም ሁለቱ ሶኬቶች በተለያየ ፌዝ ላይ ቢውሉ ግንኙነቱ ይደክማል። ደግሞም ሆምፕለግና ጂ.ኤች.ኤን. የተባሉት ሁለቱ ሥርዓቶች እርስ በርሳቸው አይግባቡምና፥ ገዢው ጥንዱን ከአንድ ዓይነት ይምረጥ።

ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር ይመጣል። ሽቦው በቤታችን ደጃፍ አያልቅም። ባለቤቱና ተከራዮቹ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ ሽቦው ለሁሉም አንድ ነው። ቆጣሪው የየብቻ ቢሆንም ሞገዱን ሁልጊዜ አያግደውምና፥ እንደ ኮንዶሚኒየም ባለ ሕንፃ ወደ ጎረቤት ሊሻገር ይችላል።

እርግጥ ነው፥ ሆምፕለግ ኤቪ መልእክቱን በ128 ቢት ቁልፍ ይሰውረዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የሁሉም የይለፍ ቃል አንድ ነው፤ ይኸውም «ሆምፕለግኤቪ» የሚለው ነው። ለአገር ሁሉ የታደለ ቁልፍ ደግሞ ቁልፍ አይባልም። ስለዚህ በጎረቤት ያለ ሰው የዚያኑ ዓይነት መሣሪያ ገዝቶ በሶኬቱ ቢሰካ፥ በር ሳይሰብር ከቤተ ሰቡ ኔትዎርክ ውስጥ ይገኛል፤ በተከፈለበት ኢንተርኔት ይጠቀማል፤ ለቤተ ሰቡ ብቻ ተብሎ የተከፈተውንም መዝገብ ሊያይ ይችላል።

መድኃኒቱ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነው። በአንደኛው አዳፕተር ላይ ያለውን የማጣመሪያ አዝራር መጫን፥ ከዚያም ሁለት ደቂቃ ሳያልፍ የሁለተኛውን መጫን ነው። በዚህ ጊዜ መሣሪያዎቹ በመካከላቸው አዲስ ቁልፍ ይፈጥራሉ። አዝራር የሌለው አሮጌ መሣሪያ ከሆነ፥ ፋብሪካው ባዘጋጀው ፕሮግራም በኮምፒውተር ከፍቶ ረጅም የይለፍ ቃል መስጠት ይገባል። በዚያው ፕሮግራም በኔትዎርኩ ያሉትን መሣሪያዎች መቍጠር መልካም ነው፤ ሁለት ገዝቶ ሦስት ያገኘ ሰው ቁልፉን ወዲያው ይለውጥ።

አዳፕተሩ ቁልፉን በውስጡ ይዞ ይኖራልና፥ ማንም ሊነቅለው በሚችል የበረንዳ ሶኬት አይተው። አንዱ ቢጠፋ ለቀሩት አዲስ ቁልፍ ይሰጣቸው፤ ለሌላ ሰው ሲሰጥም መመሪያው እንደሚያዘው አስቀድሞ ይሰረዝ። ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዓይነት ከሆነ፥ ለዋይፋዩም የራሱ የይለፍ ቃል ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ የምንለው ጎረቤትን እንደ ሌባ ቈጥረን አይደለም። መሣሪያው በፋብሪካው ቃል እንዳለ ከተተወ፥ ምንም ክፉ ያላሰበ ተከራይ የራሱን ሲሰካ ሳያውቅ ከባለቤቱ ኔትዎርክ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኋላም የቤት ምሥጢር ወጣ ሲባል በንጹሑ ሰው ላይ ጥርጣሬ ይወድቃል፤ ጥርጣሬ ደግሞ አንድ ጊዜ ከገባ በምስክር ብዛት አይወጣም። እንግዲህ አባወራውና እመቤቲቱ አዝራሩን ዛሬውኑ ይጫኑ፤ በግቢው ለሚኖሩትም ይህንኑ ያስረዱ።