ወፍ መቁጠር ሥራ ፈትነት አይደለም

የሳይንስ ክበባችን የውሃ ወፎችን ይቁጠር የሚል ሐሳብ ሲነሣ «ሆድ ሳይሞላ ወፍ መቁጠር ምን ይረባል?» ያሉ ወላጆች አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ራሽን በሚያንስበት ወር እንዲህ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ግን ቆጠራው ይጠቅመናል ባይ ነኝ።

ውድ ተማሪዎች፣ ከካኩማ በስተምሥራቅ የቱርካና ሐይቅ ይገኛል። ከሚገባለት ውሃ ከመቶ 80 እጅ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከአገራችን ከኦሞ ወንዝ ነው። በሐይቁ 84 ዓይነት የውሃ ወፎች ተመዝግበዋል፤ 34ቱ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ከእነዚህ አንዷ በእንግሊዝኛ ሊትል ስቲንት ትባላለች። ክብደቷ ብዙውን ጊዜ ከ30 ግራም አይበልጥም። የምትፈለፈለው በሰሜን ሩሲያና በሳይቤሪያ ረግረግ ሲሆን፣ ብርዱ ሲበረታ ግን ወደ እኛ ትወርዳለች። በሐይቁ ዳር ከ100,000 በላይ የተቆጠሩበት ጊዜ አለ።

ቁጥሩ ምን ያደርጋል? በ1971 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በኢራን ከተማ በራምሳር የተፈረመው ውል ረግረጋማ ሥፍራዎች እንዲጠበቁ ያዛል። አንድ ሥፍራ በዓለም ደረጃ ተፈላጊ ነው ከሚባልባቸው መመዘኛዎች መካከል 20,000 የውሃ ወፎችን ዘወትር ማስተናገዱ፣ ወይም ከአንድ የወፍ ዘር ከመቶ አንዱን እጅ መያዙ ይገኙበታል። ይህ ያለ ቆጠራ አይታወቅም። ስለዚህ ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ፣ ወፎቹ በክረምት ማረፊያቸው ረግተው ሲቀመጡ፣ በብዙ አገሮች ይቆጠራሉ። አፍሪካም ከ1991 ጀምሮ ገብታበታለች።

ጊቤ ሦስት በ2016 ተመርቋል፤ ዩኔስኮም በ2018 የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገብቷል። ግድቡ ለአገራችን መብራት ነው፤ ለጎረቤታችን ለቱርካናው ዓሣ አጥማጅ ግን ሥጋት ነው። እኛ ደግሞ በሁለቱ መካከል ተቀምጠናል። በወሬ ከምንጨቃጨቅ በተቆጠረ ነገር ብንነጋገር ይሻላል።

ቆጠራ ያመለጠው ሰው ራሽኑም እንደሚያመልጠው ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳይቆጠር የደረቀ ረግረግም እንዲሁ ጠያቂ የለውም።

ወደ ሐይቁ መሄድ ለእኛ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ላጋው ከዝናብ በኋላ ውሃ ሲይዝ ዳሩን ማየት፣ በቧንቧዎቹ ሥር ያለውን ኩሬ መጠበቅ፣ ቆሻሻ መጣያው ላይ የሚያንዣብበውን አባ ኮዳ መቁጠር እንችላለን። መንጋው ብዙ ሲሆን መጀመሪያ አሥር ወፎች ቁጠሩ፤ ምን ያህል ቦታ እንደያዙ ልብ በሉ፤ ከዚያ ያን የሚያክል ቦታ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቆጥራችሁ አባዙት። ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ አይለዋወጥ። ወፍ ካልመጣም «ዜሮ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያላዩትን አለመጨመር ከሒሳቡ የሚበልጥ ትምህርት ነው።

የምጠይቀው ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ዛሬ የጀመረው ተማሪ ነገ ዕጣው ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ እንኳ ደብተሩን ለትምህርት ቤቱ ትቶ ይሂድ፤ ተከታዩ ከዚያው ገጽ ይቀጥላል።